እስቲ ድገሚው

መካኒኩን ሰፈሩ ሁሉ «እስቲ ድገመው» ይለዋል፤ የሞተር ንዝረት መቻያውን አሞርዛተር ጠግኖ ባለቤቱን መጫኑን ሳያስደጋግም አስረክቦ አያውቅምና። ዛሬ ሞተሯን ያሠራችው አዋላጇ ልጁ ናት፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ ምጥ የያዛት ሴት ትጠብቃታለች። እሱ ግን ጠንካራ አዲስ ሞላ ከቶ፣ ዘይት ሞልቶ፣ የፊት ፍሬኑን አስይዞ መሪውን ዘጠኝ ጊዜ አስጫናት።

«አባዬ፣ ምጥ ተራ አይጠብቅም እኮ!»

«ቁልቁለትም ይሉኝታ አያውቅም። እስቲ ድገሚው።»

በአሥረኛው ነጭ መሐረቡን በአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ አሳለፈ፤ መሐረቡ በዘይት ጠቆረ። «ገና ይሠራል» ብሎ ያልለወጠው የዘይት ማገጃ ጎማ ያፈስሳል። ዘይቱ ፍሬኑን ቢነካ ቁልቁለቱ ላይ የሚያቆማት አልነበረም።

ልጁ መሐረቡን አይታ የጎረቤታቸውን ሞተር ልትዋስ ሮጠች። በተዋሰችው ሞተር ከመነሳቷ በፊት ግን ፍሬኑን ይዛ መሪውን ተጫነች። ደገመችውም።