የባላባቱ ቤት እንግዳ

ዊንተር በገባ ቁጥር እርጥብ ሱፍ ይሸተኛል። ከአውቶቡስ ወርጄ ሂልቶፕ ሰፈር ያለችው ቤቴ ስገባ፣ በረዶ ያራሰውን ካፖርቴን ሂተሩ አጠገብ እሰቅለዋለሁ። ሽታው ቀስ ብሎ ክፍሉን ይሞላዋል። ያን ጊዜ የእኚያ ሽማግሌ በርኖስ ትዝ ይለኛል።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ጥዬ፣ ለገበሬው እኩልነት እናመጣለን ብለው ጠመንጃ አንሥተው በረሃ ከወረዱት ወጣቶች ጋር ተቀላቅዬ ነበር። ሽማግሌው የወረድንበት አገር ባላባት ነበሩ፤ መሬታቸው በአዋጅ ተወርሶባቸዋል፤ ሥልጣናቸውም ቀርቷል። ሰዉ ግን ድንበር ሲገፋበት፣ ደም ሲቃባ፣ ያኔም ለፍርድ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነበር። መንግሥት ሰዉን አስታጥቀው እንዲያዘምቱብን ጠየቃቸው፤ እምቢ አሉ። እኛ ደግሞ የሰዉን ጠመንጃ ሰብስበው እንዲያስረክቡን ጠየቅናቸው፤ እኛንም እምቢ አሉን። "እነሱም ልጆች ናቸው፣ እናንተም ልጆች ናችሁ። እኔ አገሬን ለማንም አላስፈጅም" አሉ።

ወባ ሲጥለኝ ጓዶቼ ተሸክመው እሳቸው ቤት አስቀመጡኝ። ሌላ የሚያስጠጋን አልነበረም። ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ሲያንቀጠቅጠኝ፣ ዝናብ የነካውን በርኖሳቸውን አውልቀው ይደርቡልኝ ነበር። አጥሚቱንም በገዛ እጃቸው ይዘው ያጠጡኝ ነበር። "ጠጪ ልጄ፤ አንድ ነገር ብትሆኚ እናትሽን ምን እላታለሁ?"

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጦሩ መኮንን መጣ። እኔን ጓዳ ደበቁኝ። በግድግዳው ስንጥቅ ሁሉንም ሰማሁ። ባላባቱ የታሰሩ ገበሬዎች እንዲፈቱላቸው ነበር የሚለምኑት። ስለ እኛ ሲጠይቃቸው "አላየሁም" አሉ።

ድኜ ስመለስ መሪያችን ጠራኝ።

"መኮንኑ እዚያ ቤት ገብቷል?"

"ገብቷል።"

"ብዙ ተነጋገሩ?"

"ብዙ።"

ምን እንደተነጋገሩ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ባላባት ቤት ከርማ ልቧ ለሰለሰ እንዳልባል ፈራሁ። ይኸው ነው። በኋላ ሌላ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ።

መሪያችን ከመንግሥት ጋር ዶልተዋል ብሎ ላከባቸው። ሰው ሳያስከትሉ፣ በቅሏቸው ላይ ተቀምጠው መጡ። በአጠገቤ ሲያልፉ አዩኝና "ወባው ለቀቀሽ?" አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ "አዎ" አልኩ። ጓዶቼ ይዘዋቸው ወደ ወንዙ ወረዱ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ ዛፉ ላይ ወፎች ይንጫጩ ነበር። ከተኩሱ በኋላ ወፎቹ ዝም አሉ።

እስከዚያ ቀን ከማንም ሳይወግን የኖረው አገሬው ሁሉ ዞረብን። በወሩ የተረፍነው ሱዳን ገባን። እኔም ከዚያ እዚህ አሜሪካ ደረስኩ።

ባለፈው ዓመት ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት ነርስ ቀረበችኝ፤ እዚሁ ኮለምበስ የተወለደች ልጅ ናት። "እትዬ፣ በረሃ ነበሩ አሉኝ። ግራንድፋዘሬን ያውቋቸው ነበር? ዳድ ስለሳቸው ማውራት አይወድም" አለችኝ። የጠራችው የባላባቱን ስም ነበር።

ክሊቭላንድ አቬኑ አንድ ምግብ ቤት ወሰደችኝ። ስለ ወባው፣ ስለ አጥሚቱ፣ ጓዳ ስለ መደበቄ ነገርኳት። መሪያችን የጠራኝ ቀን ላይ ስደርስ የሻይ ኩባያዬን አነሣሁ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ተሻለኝና ሄድኩ" አልኳት።

አለቀሰች። እጄን ይዛ "እሳቸው ያዳኑት ሰው በሕይወት መኖሩ ደስ አለኝ" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚነርቫ ፓርክ ነድታ ትመጣለች። የደጄን በረዶ ትጠርግልኛለች፤ የደም ግፊቴን ትለካልኛለች። ስትሄድ ጉንጬን ስማ "ካመምዎት ኮል ያድርጉኝ፣ እሺ?" ትለኛለች። ዛሬስ እነግራታለሁ እያልኩ ጠዋቱን ሙሉ እቀመጣለሁ። መኪናዋ ደጅ ሲቆም እሰማለሁ፤ ተነሥቼ በሩን እከፍትላታለሁ።