ቀጥ ያለ መስመር

ኮምፒውተር ቤቱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ አናጺ ናቸው። ኮታቸው ክርኑ ላይ ነትቧል፤ ጆሯቸው ላይ እርሳስ ሰክተዋል። ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም።

«አባባ፣ ይሄኛው ፕሮግራም ቤቱን ከነጣሪያው አዙሮ ያሳያል» አላቸው ሻጩ።

«ቤት ምን ሊሆን ይዞራል? እኔ የምሠራው በርና መስኮት ነው። መስመር የሚያሰምር፣ ልኬት የሚጽፍ ቀላል ነገር አምጣልኝ።»

ሻጩ እየሳቀ ሌላ ከፈተላቸው። ያን ጊዜ እጃቸውን አወጡ። ይንቀጠቀጣል። ማውሱን ሲይዙት ጠረጴዛው ላይ ተንኳኳ። የመጀመሪያው መስመር እንደ እባብ ተጥመዘመዘ። አጠፉትና፣ የላጲስ ፍርፋሪ ያለበት ይመስል ስክሪኑን እፍ አሉት።

«ደንበኞቼ ንድፌን እያዩ ትተውኝ ይሄዳሉ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «መስመሩ እንዲህ ከሆነ በሩስ እንዴት ሊሆን ነው ይላሉ። አልፈርድባቸውም።»

ሻጩ ሳቁን ተወ። «ይቺን ቁልፍ ተጭነው ይሳቡት፣ አባባ። እሱ ራሱ ያቃናዋል።»

ተጭነው ሳቡ። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ወጣ። አናጺው ጣውላ እንደሚያዩ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩት።

«ይሄን እኔ አልሳልኩትም» አሉ በመጨረሻ። «ግን በር ይወጣዋል። በል ጫንልኝ።»