ሁለት ስትሪፕና የአባቴ ጣት

ለወዳጅ ዘመድ በታላቅ ሐዘን አሳውቃለሁ፤ ዛሬ ጠዋት የአባቴ ስኳር ከመለኪያው በላይ ወጣ።

ማሽኑ ቁጥር መስጠት አቅቶት «ከልክ በላይ» የሚለውን ምልክት አወጣ። አባቴ የንብ ቀፏቸው አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። እናቴ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ሰውየው በሕይወት ቁጭ ብለው እያዩዋት!

«የነፍስ አባቴን ጥሩልኝ» አሉ አባቴ።

«አባየ፣ መጀመሪያ ቀፎውን ያውርሱኝ» አልኳቸው። ማንም አልሳቀም።

ደም የሚነካባት የመለኪያው ስትሪፕ ላሊበላ ከጠፋች ሰንብታለች። አንድ ብቻ ቀርታናለች።

«ለክፉ ቀን ትቀመጥ» አለች እናቴ።

«ከዚህ የከፋ ቀን ከየት ላምጣልሽ?» አሉ አባቴ።

ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ለምትሠራው እህቴ ደወልኩ።

«ስትሪፑ ላይ ያለው ኢንዛይም ከስኳር ኤሌክትሮን ይወስዳል፤ ማሽኑ የሚለካው ከዚያ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ነው» አለችኝ። ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ እንቅልፌን ስለጨረስኩ «በአማርኛ ንገሪኝ» አልኳት። «ስኳሩ ከደም ይምጣ ከቆዳ አይለይም፣ አንተ ደንቆሮ! ጣታቸውን ታጥበዋል?»

ዞሬ አየኋቸው። ጠዋት ማር ሲቆርጡ ነበር።

«ልሼዋለሁ እኮ!» አሉ ተቆጥተው።

በሳሙና አስታጠብኳቸው። የመጨረሻዋን ስትሪፕ ሰክቼ ጣታቸውን ወጋሁ። ቁጥሩ የዘወትሩ ሆነ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። አባቴ ግን «ቀፎዬን አታገኛትም!» ብለውኛል።

እናንተስ ቤት በቁሙ የተለቀሰለት ሰው አለ? ጻፉልኝ።

የኛው ሐዘን ተሰርዟል፤ ነገሩ ሁሉ ማር የነካው ጣት ነው። ነገ በምን እንደምንለካቸው ብቻ አላውቅም።