ዝም በል የተባለው የቆቦ ተቀባይ

ስደተኛ ሁሉ ወሬውን ሲጀምር «በሌሊት ነው የወጣሁት፣ ውሻ እንኳ አልሰማኝም» ይላል። እኔን ግን የሸኘኝ ግማሽ ቆቦ ነው፣ ያውም በቀትር። እናቴ ታለቅሳለች፤ እህቴ ዘይነባ ከእናቴ ብሳ ታለቅሳለች፤ ጓደኛዬ ሞላ ደግሞ መናኸሪያው መሃል ቆሞ ይዘፍናል። ሞላን የማታውቁት ካላችሁ፣ በሰርግ ላይ ዘፈን የሚያወርደው እሱ ነው። እኔ ተቀባዩ ነኝ። እሱ ስንኙን ይወረውራል፣ እኔ ከነጭብጨባው እቀልበዋለሁ፣ ከዚያ ሰርገኛው እኔን ተከትሎ ይነሳል። ከዋጃ እስከ ሮቢት እኛ ያልተጠራንበት ሰርግ ሰርግ አይባልም ነበር፤ ስለ ራሴ የማወራው ስለሆነ ትንሽ ቀንሳችሁ ስሙት።

እናም ሞላ አወረደ፣ እኔ በሚኒባሱ መስኮት አንገቴን አውጥቼ ተቀበልኩ፣ መናኸሪያው አጨበጨበ። ሾፌሩ ዞሮ «ወንድም፣ ወይ ሂድ ወይ ዝፈን» አለኝ። ሄድኩ። ሮቢት ስንደርስ ሚኒባሱ ጭሱን ለቀቀና ቀጥ አለ። መለዋወጫው ከወልድያ የሚመጣው ነገ ነው ሲሉኝ ሻንጣዬን ይዤ በባጃጅ ወደ ቆቦ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ እናቴ ጎረቤቶቿን ሰብስባ ስለ እኔ መልካምነት ታወራለች። እንዲህ ስታመሰግነኝ ሰምቻት ስለማላውቅ በሩ ላይ ትንሽ ቆሜ አዳመጥኩ።

«ምን ረሳህ?» አለችኝ ስታየኝ።

«መኪናው ተበላሽቶ ነው።»

«እኔ እንግዲህ አልቅሼ ጨርሻለሁ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ነገ ስትሄድ ማንንም ሳትቀሰቅስ ሂድ።»

በማግስቱ የሸኘችኝ ዘይነባ ብቻ ናት። ታጭታ ነበር፤ ሰርጓ ማሽላው ሲሰበሰብ ነው። የመኪናውን በር ይዛ «አያ ሰይድ፣ አንተ ካልተቀበልክ እኔ ከቤት አልወጣም። ሙሽራው እዚያው ደጅ ይደር» አለችኝ። «ወላሂ እመጣለሁ» አልኳት። ያንን ወላሂ ሳስበው እስከ ዛሬ ያመኛል።

መንገዴ እንደ ብዙዎቹ አልነበረም። በጅቡቲ በኩል በጀልባ የሄዱትን፣ በረሃ የቀሩትን ልጆቻችንን አላህ ይዘንላቸው፤ ራሴን ከእነሱ ጋር አልቆጥርም። እኔ ጣሊያን አገር ቲማቲም ለመልቀም በወቅት ሠራተኛ ቪዛ ነው የሄድኩት። ከቆቦ የቲማቲም ማሳ ተነስቼ፣ በሰማይ በርሬ፣ ሌላ የቲማቲም ማሳ ላይ አረፍኩ። አውሮፕላኑ ላይ የደረሰኝ ወንበር ከሽንት ቤቱ አጠገብ፣ በሁለት ወፋፍራም ሰዎች መሃል ነበር። ደመናውን ያየሁት በሰው ትከሻ ላይ አሻግሬ ነው።

የገባሁባት ከተማ ትንሽ ናት፣ ስሟን መጥራት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ክረምታቸው ሲቃረብ ኔቢያ የሚሉት ጉም ይወርድና ሰው የገዛ ጫማውን አያይም። የቆቦን ፀሐይ ስንት ጊዜ ስረግም እንደኖርኩ ትዝ እያለኝ አፈርኩ። ምግባቸው ፖሌንታ ይባላል፤ የበቆሎ ገንፎ በሉት። መጀመሪያ ቀን ሳየው አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ግን መሃሉ ላይ ጉድጓድ የለውም፤ ቅቤውና በርበሬው የት ይግባ? በማንኪያዬ ጎድጎድ ሳደርግለት ያከራየችኝ ሲኞራ ፍራንካ መቃብር የቆፈርኩባት ያህል ደነገጠች።

ሲኞራ ፍራንካ ደግ ሴት ናት፣ ነገር ግን የእኔን ድምፅ አልቻለችውም። እኛ ራያዎች እኮ ስንናገር ማሽላ ላይ ያረፈ ወፍ እንደምናባርር ነው፤ አጠገባችን ያለ ሰው ይታገሣል እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል። አንድ ቀን ከእናቴ ጋር በስልክ ሳወራ በሩ ተንኳኳ፣ ሁለት ፖሊሶች ገቡ። ሲኞራ ፍራንካ ከኋላቸው ቆማለች።

«ከማን ጋር ነው የምትጣላው?» አለኝ አንዱ።

«እናቴን ሰላም እያልኳት ነው።»

«ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጮኸሃል ይላሉ ሴትየዋ።»

«ገና ከብቶቹ ላይ ነው የደረስኩት» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ማሽላውን፣ ጎረቤቱን፣ አክስቶቼን አልጠየቅኩም ነበር። ፖሊሱ ስልኩን ተቀብሎ ጆሮው ላይ አደረገ። እናቴ በአማርኛ መረቀችው። ምን እንደተባለ ባያውቅም ባርኔጣውን አውልቆ ስልኩን መለሰልኝ።

ቲማቲሙ ሲያልቅ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ሊያልቅ ሆነ። ወረቀት ወደሚታደስበት ቢሮ ሄድኩና ከመስኮቱ ኋላ ላለው ሰውዬ ችግሬን ነገርኩት።

«ኮንትራት ከሌለህ ፐርሜሶ የለም» አለኝ። ፐርሜሶ ፈቃዱ ነው።

«ፐርሜሶ ከሌለኝ ደግሞ ኮንትራት የሚሰጠኝ የለም።»

«ጎሽ፣ በደንብ ገብቶሃል።»

«እህቴ ልታገባ ነው። ሰርጓን አድርሼ ልመለስ?»

«መሄድማ ማን ከለከለህ። መመለስ ነው የማትችለው።»

ሄዶ መቅረት ደግሞ አይታሰብም፤ ቤተሰቡ ሁሉ ዓይኑን የጣለው እኔ ላይ ነው። ተክዤ ስገባ ሲኞራ ፍራንካ አዘነችልኝ። የወንድሟ ልጅ የከተማው የሙዚቃ አዳራሽ ኃላፊ ነው፤ ዶቶሬ ይሉታል፣ ዶክተር ማለት ነው፣ ግን አያክምም። «ይህን ጉሮሮ በር ላይ ካቆምከው ሌባ ዝር አይልም» ብላ ወሰደችኝ። ዶቶሬም ጥበቃ አድርጎ ለሙከራ ወሰደኝ። አንድ ትልቅ ዝግጅት አለ፣ እሱ በደህና ካለፈ የአንድ ዓመት ኮንትራት እፈርምልሃለሁ አለኝ። ኮንትራት ካለ ፐርሜሶ አለ፤ ፐርሜሶ ካለ ለሰርጉ ሄጄ እመለሳለሁ። ያን ቀን ለዘይነባ ደውዬ «አልሀምዱሊላህ፣ ነገሩ አልቋል በይው» አልኳት።

ትልቁ ዝግጅት ምን መሰላችሁ፣ አንዲት ቫዮሊን ልትመጣ ነው። ተጫዋቿም ትመጣለች፣ ግን ስለ እሷ ማንም አያወራም። ወሬው ሁሉ ስለ ቫዮሊኗ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ስሟ ላ ቬዶቫ ነው፣ ባሏ የሞተባት ማለት ነው። ባሏ ማን እንደነበር ብጠይቅ የሚያውቅ የለም። ድንበር የምትሻገርበት የራሷ ወረቀት አላት፣ አውሮፕላን ላይ የራሷ ወንበር አላት፣ ያውም በመስኮት በኩል። የምታርፍበት ክፍል ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ወይ ዝቅ ካለ ያማታል ተብሎ አንድ ሰው ሙቀት መለኪያ ይዞ አጠገቧ ይውላል። የእኔ ክፍል ማሞቂያ ከተበላሸ ሁለት ሳምንቱ ነበር።

«እሷ ይህን ሁሉ ወረቀት እንዴት አገኘች?» አልኩት ዶቶሬን።

«እሷ ጥያቄ አታበዛም» አለኝ። ከዚያ ትከሻዬን ይዞ «ሰይድ፣ ሥራህ አንድ ብቻ ነው። መድረኩ ጎን ትቆማለህ፣ ዝም ትላለህ። ማሳል የለም። ሊያስልህ እንደሆነ ከጠረጠርክ ራሱ ውጣ» አለኝ። ይሄማ ቀላል ነው ብዬ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ጠና ያለች ቀጭን ሴት ቫዮሊኗን ይዛ ብቻዋን ወጣች። እኔ አጃቢዎቿ የት ቀሩ እያልኩ ወደ በሩ አያለሁ። ማንም አልመጣም። ሕዝቡ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጭጭ አለ። ለቅሶ ቤት እንኳ አንድ ሰው «ለመሆኑ ምን አገኘው?» ብሎ ይጠይቃል።

ከዚያ ጀመረች። እንዴት ልንገራችሁ፣ ማሲንቆ በአንድ ጭራ የሚለውን ይቺ በአራት ትለዋለች፣ ሆዴን ነው የበላችው። ዓይኗን ጨፍና፣ ላብ በላብ ሆና ስንኙን ከፍ አድርጋ ወሰደችው፣ አወረደችው፣ አወረደችውና ትንሽ ቆመች። ቆማ ጠበቀች። ማንም አልተቀበላትም።

እናንተ ይህን ታውቁታላችሁ። ያወረደ ሰው ሳይቀበሉት ሲቀር ከዚያ የከፋ ንቀት የለም። ዋጃ ላይ አንድ ጊዜ ተቀባዮቹ ሥጋው ላይ ስለነበሩ ሞላ ሁለት ስንኝ ሜዳ ላይ ቀርቶበት ሰርጉን ጥሎ ሄዷል፤ በሽማግሌ ነው የተመለሰው። ከተቀባዮቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። እና አሁን ይቺ ሴት፣ የሰው አገር ሰው፣ እናቴን በምታህል ዕድሜ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ሜዳ ላይ ቀረች። መጀመሪያ ከንፈሬን ነከስኩ። ሁለተኛ አውርዳ ስትቆም መጋረጃውን ጨብጬ ያዝኩ። የዘይነባን ሰርግ አስብ፣ ፐርሜሶውን አስብ እላለሁ ለራሴ። ሦስተኛ ስታወርድ ግን ከሆዴ ነው የወጣው።

«አሄ! እሰይ!» ከነጭብጨባው።

ያጨበጨብኩት ሁለቴ ነው። አዳራሹ ለድምፅ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ አራት አድርጎ መለሰልኝ። ሕዝቡ በአንድ አንገት ዞረ። ዶቶሬ ፊት ለፊት ነበር የተቀመጠው፣ ፊቱ እኔ ስለቅመው የከረምኩትን ቲማቲም መሰለ። ሴትየዋ ዓይኗን ገለጠች፣ ግን አላቆመችም። ያችኑ ስንኝ ከመጀመሪያው ደገመችው። ደስ ብሏት ለእኔ ብላ ነው የደገመችው አልኩ። በኋላ ሲነግሩኝ ለካ ወረቀቱ ላይ ራሱ ድገም ይላል። ያኔ ግን በምን ልወቅ፤ ሁለተኛም ተቀበልኩ፣ ከመጀመሪያው አሳምሬ።

ሲያልቅ ዶቶሬ ኮንትራቱን በእጁ እንደያዘ መጣ።

«ሰይድ፣ የሰጠሁህ ሥራ ስንት ነው?»

«አንድ።»

«ምን ነበር?»

«ዝም ማለት።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

«ሰው ብቻውን ሲቀር ዝም ብሎ ማየት በእኛ አገር ነውር ነው።»

«በሦስት መቶ ዓመቷ እንዲህ ያደረጋት ሰው የለም» አለኝ።

«እኔም ያዘንኩት ለዚሁ ነው ዶቶሬ።»

ሴትየዋ ስታልፍ ሰማችንና ቆመች። ምን ማለቴ እንደነበር ጠየቀችኝ። ጣሊያንኛዬ የቲማቲም ጣሊያንኛ ነው፣ አልበቃኝም። «አንቺ ሶላ» አልኳት፣ ብቻሽን ነበርሽ ለማለት። ቆም ብላ አየችኝና ሳቀች። «አርባ ዓመት ስጫወት የሚመልስልኝ ሳል ብቻ ነው» ብላ እጄን ጨበጠችኝ። ከዚያ ቫዮሊኗን አቅፋ ሄደች። ዶቶሬ ወረቀቱን ሳይፈርም ቦርሳው ውስጥ መለሰው። ጸጥ ያለ ሰው እፈልጋለሁ አለ። አልዋሽም፣ ሰውየው ልክ ነው፤ ለዝምታ ቀጥሮኝ ዝም አላልኩለትም።

ለእናቴ ደወልኩ። «ምን አጥፍተህ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ታዲያ ምን ልታደርግ ኖሯል? ሴትዮዋ እንዲያ ሜዳ ላይ ትቅር?» አለች። «ደግ አደረግህ። አብሽር፣ አላህ ሌላ በር ይከፍታል።» ልቤ ትንሽ መለስ አለ። ከዚያ ዘይነባ ስልኩን ተቀበለቻት።

«ለማታውቃት ሴትዮ ተቀብለህ ለእኔ ልትቀር ነው?» አለችኝ።

አሁን ሲኞራ ፍራንካ ባፈላለገችልኝ የላም እርባታ ነው የምሠራው። ላሞቹ ድምፄን ወደውታል። ወረቀቱ ግን ከሀ ተጀምሯል፣ እስኪያልቅ ከአገር መውጣት የለም። ማሽላው ደግሞ ወረቀት አይጠብቅም፣ ደረሰ፣ ተወቃ፣ የሰርጉ ቀን መጣ።

ሽርጤን ታጥቄ ክፍሌ መሃል ቆምኩ። ሞላ ከሰርጉ ቤት ደወለልኝና ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገው። ጫጫታውን ስሰማ ማን የት እንደተቀመጠ ሁሉ ታየኝ። ሞላ አወረደ፦

«ማሽላው ተወቃ፣ ተሞላ ጎተራው፣
ሙሽራ ተነሺ፣ ደረሰልሽ ተራው።»

ተቀበልኩ። ግን መስመሩ ይዘገያል፤ የእኔ «አሄ» ቆቦ ሲደርስ እነሱ ሌላ ስንኝ ላይ ናቸው። ሁሉም ነገር ተመሰቃቀለ፣ የሚያጨበጭበውና የሚጨፍረው ተጋጨ፣ ሰርገኛው በሳቅ ፈነዳ። ሞላ ስልኩን አፉ ላይ ለጥፎ «አንተ ሰውዬ፣ ከጣሊያን በእግሩ ነው እንዴ የምትልከው? ግድ የለም፣ እንጠብቅሃለን» አለኝ። እንደገና አወረደና ቆመ። ያ ሁሉ ሰው ዝም አለ። ሩቅ የባጃጅ ጥሩምባ፣ የሆነ ሕፃን ለቅሶ ይሰማኛል። ባለ በሌለ ኃይሌ ተቀበልኩ። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፣ ከዚያ ድንኳኑ ሁሉ አብሮ ሲነሳ ሰማሁት። እንዲህ እያልን ሦስት ስንኝ ሄድን። እንባዬ እየወረደ እስቃለሁ።

ከዚያ ሙሽራዋ ልትወጣ ነው ተባለና ዘይነባ ስልኩን ያዘችው።

«አያ ሰይድ፣ ድምፅህ ደርሶናል» አለች። «አንተስ መቼ ነው የምትደርሰው?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆምኩ። መስመሩ የዘገየ መስሏት «አይዞህ፣ እንጠብቃለን» ትላለች፣ ሰዎቹንም ዝም በሉ ትላቸዋለች። መስመሩ ግን አልዘገየም ነበር።