ሸበካ ልንሰቅል ዓባይን ተሻገርን

ዓርብ፣ ገና ሳይነጋ፣ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር

ከቤቴ የወጣሁት ዲሹን በነጠላ ጠቅልዬ አቅፌው ነው። በረንዳው ላይ የተኛው ጎረቤቴ ቀና አለና «ያ ሐጃ፣ በዚህ ሰዓት ሕፃን ይዘሽ ወዴት ነው?» አለኝ። ማተቤን እያየ ሐጃ ይለኛል፤ እዚህ አገር ያረጀች ሴት ሁሉ ሐጃ ናት። «አያለቅስም፣ ተኛ» አልኩት።

ዲሹን ያገኘሁት እዚሁ ካርቱም አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ ምግብ ከምሠራበት ቪላ ነው። ጣሪያ ላይ ተጥሎ የርግብ ማደሪያ ሆኖ ነበር፤ ጠይቄ ወሰድኩት። የምወስደው ለዘሀራ ነው። ዘሀራ የወሎ ልጅ ናት፤ ድሮ እዚያው ቪላ አብረን ሠርተናል። አሁን ከዓባይ ማዶ ባለች የገበሬ መንደር አግብታ፣ የታመመች አማቷን እያስታመመች ትኖራለች፤ ከመንደሩ መራቅ አትችልም። ልጇ ሰዓዳ ዓረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራለች። እመቤቷ ስልክ የምትሰጣት ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ብቻ ነው፤ እሱም በኔት ካልሆነ አይሆንም። መንደሩ ደግሞ ኔት የለውም።

ባለፈው ሳምንት ሰዓዳ ድምፅዋን ቀድታ ላከችልኝ። «እማማ ጥሩ፣ እማዬ በዚህ ዓርብም ካላነሳች፣ እመቤቴ ‹ስልኩ ለምንሽ ነው?› ብላ ልትከለክለኝ ነው» ትላለች።

እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ የሚባለው ሰፈር ወዳለው የኔት ቢሮ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ቤቱ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ፣ ሰውየው የተላጨ። «ሐጃ፣ እዚያ መንደር ማን ይጠቀምበታል? አህዮቹ?» አለኝ። የትምህርት ቤት ደጅ ባልረግጥም ስድብ አውቃለሁ። «ድሃ የሚችለው ኔት አምጡ ነው ያልኩህ» ብዬው ወጣሁ።

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ሐፍላ ላይ

ሐፍላ ማለት አውቶቡስ ነው፤ ይህኛው የመስኮት መስታወት የለውም። አጠገቤ ያሲን ተቀምጧል። ዲሽ ሰቃይ ነው፤ ካርቱም ያደገ አበሻ፣ አማርኛው የተንሻፈፈ።

«እማማ፣ አንተ ዲሹን ስጠኝ፣ ደከመህ።»

«አንተ የሆንኩት ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ብረት ተሸክመህ ትሄዳለህ። ወላሂ ወንድ ነህ።»

በመስኮቱ የሸክላ ጡብ ምድጃዎች ጭስ፣ የሐብሐብ ክምር፣ አቧራ የለበሰ የኒም ዛፍ ያልፋል። ከመንደሩ ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ወዲህ ያለችው ትንሽ ከተማ ስንደርስ ፉል በሰሊጥ ዘይት በላን። ያሲን ትናንት እዚህ መድኃኒት ቤት ጣሪያ ላይ አንዱን ዲሽ ሰቅሏል፤ ባለቤቱ ኔቱን ለመንደሩ ሊያካፍል ተስማምቷል። የቀረው የኛው ነው። ሁለቱ ዲሾች ዓይን ለዓይን መተያየት አለባቸው፤ መሀል ላይ ዛፍ ከገባ አበቃ።

ሦስት ሰዓት፣ ባንጦን ላይ

ባንጦን የሚሉት መኪናም በግም የሚያሻግረውን ሰፊ ጀልባ ነው። ውሃው ደፍርሶ ቀልቷል። እጄን ነከርኩ። ይህ ውሃ ከጎጃም እዚህ ድረስ ሲወርድ ወረቀት የጠየቀው የለም።

እኛን ግን መንደሩ እንደገባን ጠየቁን።

አራት ሰዓት ተኩል፣ መንደሩ

ዘሀራ አቀፈችኝ፣ ዲሹንም አቀፈችው። ያሰብነው ከፍ ያለ ቦታ የውሃው ታንከር ነበር። የታንከሩ ጠባቂ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ «ማኅተም ያለው ወረቀት አላችሁ?» አለ።

«የለንም።»

«እንግዲያው ቡክራ ኑ።»

«ልጅቷ የምትደውለው ዛሬ ነው» አልኩት።

«ነገ ትደውል።»

ዘሀራ ዓይኗ ሞላ። «አብሽሪ፣ እኔ ወረቀት ፍለጋ አይደለም የመጣሁት» አልኳትና መንደሩን መዞር ያዝኩ። የትም ብንቆም ተምርና ኒም ፊታችን ይጋረጣል። አህያ የምትነዳ ሴት አገኘሁና በዚያች ዓረብኛዬ «ሸበካ የሚሰቀልበት ከፍ ያለ ነገር የት አለ?» አልኳት። «ዐም ዑስማን ዘንድ ነዋ» ብላ ወደ ወንዙ ወሰደችን።

ዐም አጎት ማለት ነው፤ ዐም ዑስማን ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ነው። ሰላምታውን ሳይጨርስ ጎጆው ገብቶ መረብ እየጎተተ ወጣ። «ይቺ ትንሽ ተቀድዳለች፤ ያቺኛዋ ትሻላለች» አለኝ።

ለካ ሱዳኖች ለኔትወርኩም ለዓሣ መረቡም ያላቸው ስም አንድ ነው፦ ሸበካ። ያሲን ሆዱን ይዞ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። «እማማ፣ ዓሣ ልትገዛ ነው ወይ ያመጣኸኝ?»

ከዚያ ቀና ሲል ሣቁን አቆመ። ዐም ዑስማን መረቡን የሚያሰጣበት ከድሮ የውሃ ፓምፕ የተረፈ ረጅም ቧንቧ ነው፤ ከፍ ያለው የወንዙ ዳር ላይ ተተክሏል። ፊት ለፊቱ ወንዙ ብቻ፣ ማዶ ከተማዋ። ዛፍ የለ፣ ግድግዳ የለ።

«እማማ» አለ ያሲን፣ «ዲሹን ስጠኝ።»

ስምንት ሰዓት

መረቡ ወረደ፣ ዲሹ ወጣ። መብራቱን ከሽማግሌው ሶላር ቀጠልን። ያሲን ቧንቧው ላይ ተንጠልጥሎ በፀጉር ልክ ያዞራል፤ ዘሀራ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛለች። ስምንት ሰዓት አለፈ። ጠባቂው ወሬ ሰምቶ መጣ።

«ይሄን ማን ፈቀደላችሁ?»

ዐም ዑስማን ከተቀመጠበት አልተነሣም። «ከአባቴ ጀምሮ እዚህ ሸበካ ስንሰቅል ማንን አስፈቅደን እናውቃለን?»

ይህን ጊዜ የዘሀራ ስልክ ጮኸ። ወደኔ ዘረጋችው፤ እኔ ነካሁላት። የሰዓዳ ፊት ወጣ፣ ተቆራረጠ፣ ተመለሰ።

«እማዬ፣ ከስተሻል» አለች።

«አንቺ ነሽ የከሳሽው» አለች ዘሀራ። ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋችው።

ዐም ዑስማን ጎነተለኝ። «ሸበካዬ ምን ያዘችልሽ?»

«ልጅ» አልኩት።

ጠባቂው ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ስልኩን አወጣ። «የኔም ይይዛል?» አለ ቀስ ብሎ።

«ወረቀት አለህ?» አለው ያሲን። ግን የኔቱን መክፈቻ ቁጥር ነገረው።

አመሻሽ፣ ስንመለስ

ባንጦኑ መሀል ወንዝ ሲደርስ ከኋላችን ዲሹ በጀምበሯ ያብረቀርቅ ነበር፤ ከሥሩ መረቡ አሸዋው ላይ ተሰጥቷል። እሑድ ቢሮ ሲከፈት ሪያድ እሄዳለሁ። ልለምን አይደለም። ያ የተላጨ ሰው ማን ይጠቀምበታል ብሎኝ ነበር፤ የዘሀራን ስም ልነግረው ነው።