ለሰው ሳንባ የሚሆን እሳት

ሰመራ ራዲያተር እበይድ በነበረበት ጊዜ አንድ ሸምገል ያሉ ሹፌር ደንበኛዬ ነበሩ። ቤታቸው አዋሽ ነው። ከጅቡቲ ጭነው ሲመለሱ ራዲያተራቸው ቢያፈስም ባያፈስም እኔ ጋ ሳይቆሙ አያልፉም። ከተሳቢው ጥላ ሥር ጄሪካን ገልብጠን እንቀመጥና እናወራለን። ከደጋ መጥቼ ዘመድ የሌለኝ ሰው ስለነበርኩ፣ የሳቸው መምጣት የዘመድ ጥየቃ ያህል ነበር።

ታዲያ ሲጋራ ከእጃቸው አይለይም። በዚያው ዓመት ልጃቸው ወለደች፤ ሕፃኑ ደረቱ ደካማ ሆነ። አንድ ቀን መጡና ሻያቸውን ሳይነኩ ተቀመጡ።

«ምነው ጋሼ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው።

«ልጄ ከለከለችኝ» አሉ። «ልታቀፈው እጄን ስዘረጋ፣ ‹አባባ፣ የሲጋራው ሽታ ያስለዋል› አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን እጄን የት ላድርገው?»

በሳምንቱ ሲመጡ ከኪሳቸው አንድ የኤሌክትሪክ ሲጋራ አወጡ። ድንበሩ ላይ፣ ገላፊ የተዋወቁት የጅቡቲ ሹፌር ነው «ይሄ አይሸትም» ብሎ የሰጣቸው። ውስጡ ያለው ክር አርጅቶ ስለነበር፣ ሰውየው ቀጭን ሽቦና ከወንፊት የደቀቀ የብረት መረብ ጨምሮላቸዋል። መረቡ ተጠቅልሎ እንደ ፋኖስ ክር የኒኮቲኑን ፈሳሽ ይስባል፤ ሽቦው ዙሪያውን ይጠመጠምበትና ሲግል ፈሳሹን ያተንነዋል። መረቡ ግን አስቀድሞ እሳት ላይ እስኪቀላ መጋል አለበት፤ ያኔ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ልባስ ያወጣል፤ አለበለዚያ ከሽቦው ጋር ኮንታክት ይፈጥራል።

«እኔ የማውቀው ራዲያተር ነው» አልኳቸው።

«እሳት አይደለም እንዴ የሚፈልገው? እሳቱን አንተ ታውቃለህ።»

የነበረችኝ በነጭ ጋዝ የምትሠራ፣ በእጅ የምትነፋ የነሐስ መበየጃ ናት። ለኮስኳትና መረቡን አቀላሁት። ከእሳቱ ሳወጣው ጥላሸት ለብሷል። በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረግሁና ሽቦውን ጠምጥሜ ሰጠኋቸው። አንዴ ሳቡት።

«ወላሂ፣ ይሄ የኩራዝ ጭስ ነው!» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ሳሉ። ሳሉ፣ ሳሉ፣ ሳላቸው አልቆም አለ። ውኃ ይዤ ሮጥኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሠራሁት ነገር ጭሱ የሚገባው የሰው ሳንባ ውስጥ መሆኑን ልብ አላልኩም ነበር።

«ይቅርታ ጋሼ፣ በቃ ይቅርብን» አልኳቸው።

«አይቀርም!» አሉ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

በቤንዚን ሞከርኩ፤ ጥላሸቱ ቀነሰ፣ ሽታው ግን መረቡ ላይ ቀረ። እንዲስቡት እንኳ አልሰጠኋቸውም። ዱብቲ ካለ ፋርማሲ አልኮል አስመጣሁ፤ እሳቱ ንጹሕ ነው፣ ግን የሰመራ ነፋስ ያስተኛዋል፣ መረቡም አይቀላም። በመጨረሻ ላይተር የሚሞላበትን ጋዝ ከነትንሽ መለኮሻው ከጅቡቲ ይዘው መጡ። በዚያ ሙቀት የጋዙ ቆርቆሮ እንዳይፈነዳብኝ እፈራ ስለነበር፣ ውኃ በነከርኩት ጆንያ ጠቅልዬ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው ነበር።

ነበልባሉ ሰማያዊ ነው። መረቡን አቀላሁ፣ ውኃ ውስጥ ነከርኩ፣ ደግሜ አቀላሁ። ጥላሸት አልያዘም። ሳቡትና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ምን ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። አልሃምዱሊላህ፣ ምንም!»

ከዚያ በኋላ በመጡ ቁጥር አዲስ ክር እሠራላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ከስልካቸው ያሳዩኛል። መጀመሪያ በእናቱ እቅፍ፣ ቆይቶ በሳቸው ጉልበት ላይ። እነዚያ የከሰዓት በኋላ ጊዜያት ዛሬም ይናፍቁኛል። የእሳቷ ፉጨት፣ የጋለው ብረት ውኃ ሲነካ ችስስ ማለቱ፣ እሳቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው «ቀስ፣ ቀስ በል እንጂ» እያሉ የሚሰጡኝ ትእዛዝ።

አንድ ቀን ጋዙን ሳወጣ እጄን ያዙኝ።

«ተወው። ትቼዋለሁ።»

«እንዴት?»

«ሕፃኑ ጉልበቴ ላይ ተቀምጦ ከኪሴ መዝዞ አወጣው። ዞር ስል አፉ ውስጥ ነው። ነጥቄ ጣልኩት። እሱ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።»

ደስ አለኝ። ትንሽ ቅርም አለኝ፤ አብረን የምንሠራው ሥራ አለቀ ማለት ነው። እሳቸው ግን መምጣታቸውን አልተዉም፤ መኪና መንዳት እስካቆሙበት ጊዜ ድረስ መጡ።

የኔም ሥራ ከዚያ ብዙ አልቆየም። አዳዲሶቹ መኪኖች ራዲያተራቸው ፕላስቲክና አሉሚኒየም ነው፤ ሲበላሽ ይጣላል እንጂ አይበየድም። አሁን ዱብቲ ውስጥ የውኃ ፓምፕ እጠግናለሁ።

ባለፈው ዓመት በአዋሽ ሳልፍ ቤታቸው ገባሁ። ልጃቸው ስሜን ስነግራት አላወቀችኝም። እሳቸው ከውስጥ ሆነው «እሳተኛው ነው እንዴ?» ብለው ተጣሩ፤ ያኔ ሳቀችና አስገባችኝ። ከምሳ በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስለ ገላፊ ወረፋ እያወሩልኝ መሐል ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ልቀስቅሳቸው አልኩና ተውኩት። አውቶቡሴ እስኪደርስ ድረስ ካጠገባቸው ተቀምጬ አተነፋፈሳቸውን ስሰማ ቆየሁ።