እርድ የተቀባች ቢራቢሮ

ባለቤቴ ከመሞቱ በፊት መሳል የጀመራት ቢራቢሮ ከሚሴ ባለው ቤታችን ግድግዳ ላይ አለች። የምትበር ትመስላለች፤ አንድ ክንፏ ግን ገና ነጭ ሸራ ነው። ዛሬ ልጨርስለት ብዬ ቢጫውን አክሪሊክ ቀለም ስከፍት ጣቴን ነካኝና ልጅነቴ መጣብኝ።

እናቴን በቀበርን ሰሞን ጨፋ ሜዳ፣ ማሽላ እርሻ ውስጥ ቢራቢሮ ያዝሁ። የክንፏ ቢጫ ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ። ደንግጬ ቤት ወሰድኳትና እርድ ቀባኋት። መብረር አቃታት።

«አባ፣ አድናት!»

«ቢራቢሮ ወጥ ናት እንዴ፣ እርድ የምትጨምሪባት?» አባቴ ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ፣ «ዺሲ፣ ተያት ልጄ። አላህ የቀባውን እኛ አንደግመውም» አለኝ። ዓይኑ ግን ሚስማሩ ላይ የቀረው የእናቴ ሻሽ ላይ ነበር።

አሁንም ቢጫ የነከርኩትን ብሩሽ ይዤ ሸራው ፊት ቆየሁ። አክሪሊክ ሰው አይጠብቅም፤ ክንፏን ሳልነካ ብሩሹ ላይ ደረቀ።